ደሟን በብብቴ

ወሬውን ከመጀመሬ በፊት የሚያወራው ማን እንደሆነ አንባቢ ሊያውቅ ይገባል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ደብረ ማርቆስ ዳር ባሕር ዛፍ ውስጥ በተሠራች ትንሽ ሆስፒታል፣ የደም ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢኖር አልደብቅም ነበር።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ያውም መጀመሪያ የፈረንጁን፣ ከዚያ የኛን። ሆስፒታሏ ስትከፈት ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ምንነቱን የማላውቀውን ነገር ማጠብ አልወድም፤ ስለዚህ ጠየቅሁ። የሚመልስልኝ ሲጠፋ ዝም ብዬ አየሁ። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ማይክሮስኮፑን ከኔ በቀር የሚነካው ሰው ጠፋ። የደም ዓይነት እለያለሁ፣ የወባን ተባይ አያለሁ፣ አንድ ሰው ከደጅ ሲያስል ሰምቼ ምን እንደያዘው እናገራለሁ። ይህን የመጨረሻውን የማያምኑ አሉ። ችግሩ የነሱ ነው።

አለቃችን ፈረንጅ ሐኪም ነበር፤ ሥራው አጥንት ነው። ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ የሚያሰኘው፣ እጁ እንደ መጥረቢያ የሚከብድ፣ ከአማርኛ ደግሞ ትእዛዝ ትእዛዙን ብቻ የተማረ፦ ያዝ፣ አምጣ፣ ዝጋ፣ ዝም በል። የመጨረሻውን አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ለኔ ነው። የሱን አማርኛና የኔን የጠርሙስ ላይ እንግሊዝኛ አጋጥመን ግን እንግባባ ነበር። ብቃቴን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነግሮኝ ባያውቅም።

ከችሎታዬ ሁሉ የምኮራበት ደም ሲረጋ ማወቅ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ከበሽተኛው ደም ትቀዳለህ፣ ቀጭን የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ታደርጋለህ፣ አሁንም አሁንም ዘንበል እያደረግህ ታያለህ። ዘንበል ሲል የማይፈስ ከሆነ ረግቷል። ቶሎ ከረጋ ደሙ ጤነኛ ነው፤ ከዘገየ ሰውዬው ቢቆረጥ አይቆምለትም ማለት ነው። ጊዜ የምንለካበት የግድግዳ ሰዓት ነበረን፤ ግን የሚሠራው ሲፈልግ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ የራሴን መለኪያ አወጣሁ። የሰኞን ውዳሴ ማርያም ረጋ ብዬ ሁለት ጊዜ እደግማለሁ። ድጋሙ ሳያልቅ የረጋ ደም ጥሩ ነው። ሐሙስም ቢሆን ቅዳሜም ቢሆን የምደግመው የሰኞውን ነው፤ ምክንያቱም የሐሙሱ ይረዝማል፤ መለኪያ ደግሞ በየቀኑ አይረዝምም አያጥርም። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ያማትባሉ። እመቤታችን ከኔ ጋር የተቀየመችበት ምልክት እስካሁን አላየሁም።

ሌላው ያገኘሁት ነገር ብርዱን ነው። በሚያዝያ ደሙ በአንድ ድጋም ይረጋል፤ በነሐሴ ያው ጤነኛ ሰው ያው ደሙ ፍዝዝ ብሎ ይቆያል። ደሙ አልተለወጠም፤ ብልቃጡ በርዶት ነው። ከዚያ ወዲህ ብልቃጡን ብብቴ ውስጥ መያዝ ጀመርኩ። ብብት አይቀዘቅዝም፣ እሳት አይፈልግም፣ የትም ብትሄድ አብሮህ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ።

ከይጁቤ መጥታ ደብረ ማርቆስ ዳር የከተመች፣ አረቄ የምታወጣ ባልቴት ነበረች። አረቄዋ ጠንካራ ነው ይባላል፤ ምላሷ ግን ከአረቄዋ ይጠነክራል። በአምናው ክረምት ጭቃ በቅሎዋ ጥላት ጭኗ ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ አሰረላት፤ አጥንቱ ተጋጠመ፣ ግን ጠማማ ሆኖ። አንዱ እግሯ አጠረ፤ ያለ ሰው ድጋፍ ደጃፏን መሻገር አቃታት። ዘመዶቿ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልን። ሐኪሙ አይቶ፣ አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ በብረት ካልተያያዘ እንዲሁ ትቀራለች አለ። ደም በብዛት እንደሚፈስ፣ ልትሞትም እንደምትችል እኔ ነኝ ያስረዳኋት።

«ብረቱ ውስጤ ይቀራል?» አለችኝ።

«ይቀራል፣ እመይቴ።»

«ስሞት ማን ይወስደዋል?»

«ማንም አይወስደውም።»

«ጥሩ ነው። ወንድሜ ማረሻ ሊያደርገው አስቦ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ወንድሟ፣ ከይጁቤ የመጣ ረጅም ገበሬ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መሬት መሬት አየ።

ሐኪሙ የዕረፍት ጊዜው ደርሶ ስለነበር ቀኑ ፍልሰታ ላይ ዋለ። ዘመዶቿ ከጾሙ በኋላ ይሁን ብለው ተለማመጡ። እሷ እምቢ አለች። «በፍስክ ብሞት ስትበላ ሞተች ትላላችሁ። በፍልሰታ ልሙት፤ ቢያንስ ሆዴ ባዶ ነው።» ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ በሁለት እግሯ ከበር መውጣት። ካልሆነ እዚያው ብቀር ይሻለኛል ብላ ነው የገባችው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተሰበሰበውን ዘመድ ሁሉ ጣት እየወጋሁ ደሙ ከሷ ደም ጋር የሚስማማውን ፈለግሁ። ዘመድ ሲባል ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ መርፌ ሲባል ግን ግማሹ በቅሎ ሊያይ ወጣ። ያን ጊዜ የነፍስ አባቷ፣ መምሬ፣ ጋቢያቸውን ገፍተው ጣታቸውን ዘረጉልኝ። «ውጋኝ። እዩ እናንተ ፈሪዎች፣ አይገድልም!» አሉ። ለምሳሌ ብለው ነው እንጂ ሊሰጡ አስበው አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሰው የተስማማው የወንድሟና የመምሬ ብቻ ሆነ። ወንድሟን ቀዳሁት። ከሌላ ቀን የተረፈ አንድ የሚስማማ ጠርሙስ በላምባ በሚሠራው ፍሪጃችን ውስጥ ቆይቶ ነበር። ሁለት ጠርሙስ ሆነ ማለት ነው። ሐኪሙ ይበቃል አለ። እኔ አይበቃም ብዬ ነበር። ዝም በል አለኝ።

ቀኑ ደረሰ፤ ደብረ ማርቆስን ጉም ውጧታል። የወገብ መርፌ ተሰጣት፤ ከወገቧ በታች ደነዘዘች። ከወገቧ በላይ ግን ፍጹም ንቁ ነበረች፤ ምላሷም እንደዚያው። ፊት ለፊቷ መጋረጃ ስለተጋረደ ሥራውን አታይም፤ ትሰማለች።

«ያ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

«መዶሻ ነው፣ እመይቴ።»

«አናጢ ነው እንዴ ያመጣችሁብኝ?»

ከኛ ጋር አንድ ነርስ ነበር፤ አዲስ አበባ የተማረ፣ ጨዋ ልጅ፣ የተማረውን የሚያውቅ። ብልቃጥ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንደሚቀመጥ ተምሯል፤ ትክክል ነው። ችግሩ ምድጃችን አንድ ነው፤ እሱም ላይ የሐኪሙ ቢላዎች ይቀቀላሉ። ነርሱ ገበቴ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርጎ ይጀምራል፤ ውሃው በነሐሴ ብርድ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ሁለታችንም ደም ቀዳን፤ እሱ በገበቴው፣ እኔ በብብቴ።

«አንተ፣» አለችኝ ራስጌዋ ቆሜ ስታየኝ፣ «ደሜን የት እየከተትከው ነው?»

«ብብቴ ውስጥ፣ እመይቴ።»

«ሌላ ንጹሕ ቦታ አጣህለት? እኔ እኮ ዛሬ ተጠምቄ ነው የመጣሁት።»

ነርሱ ሳቁን አፉ ላይ ባሰረው ጨርቅ ውስጥ ቀበረው።

ሐኪሙ የድሮውን ስብራት እንደገና ሲሰብረው ደም ቧ ብሎ መጣ። የወንድሟን ጠርሙስ ሰቀልን። ጠርሙሱ ወርዶ አለቀ፤ ደሙ አሁንም ይመጣል። ሁለታችንም እንደገና ቀዳን። ነርሱ ብልቃጡን ከገበቴው አውጥቶ ዘንበል አደረገው፤ ፈሰሰ። «አልረጋም፣ ዶክተር፤ ሁለተኛውን እንስቀል» አለ። ሁለተኛው ማለት የመጨረሻው ነው። እኔ ድጋሜን አልጨረስኩም ነበር። ጨረስኩና ብልቃጤን ከብብቴ አውጥቼ ገለበጥኩት። እንደ ታሸገ ጠርሙስ ጸጥ! ጠብ የሚል የለም።

በእንግሊዝኛዬ «ደም ጥሩ ነው፤ ጉድጓዱ ነው መጥፎ» አልኩት። ማለቴ፣ ደሟ ይረጋል፤ የሚፈሰው የተቆረጠ የደም ሥር ስላለ ነውና ሥሩን ፈልግ።

ሐኪሙ ብልቃጡን አየ። ብብቴን አየ። የነርሱን ገበቴ በጣቱ ነካና ውሃው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ተረዳ። «ዝም በል» አለኝና እጁን ከአጥንቱ ኋላ አስገብቶ ፈለገ። እንደ ቀጭን ምንጭ የሚረጭ ሥር አገኘ፤ አሰረው። ጠርሙሷ ተረፈች። ዝም በል ያለኝ ያን ጊዜ ምስጋና ነበር፤ በድምፁ አውቃለሁ።

ብረቱን መግጠም ግን ጊዜ ፈጀ። ብሎን በብሎን ሲገባ ደሙ ትንሽ በትንሽ ይመጣል፤ ትንሽ በትንሹ ተደምሮ ብዙ ሆነ። ሁለተኛውን ጠርሙስም ሰቀልነው። እስከዚያ ድረስ እኔ ሁለት መለኪያ ነበረኝ፤ አንዱ ብልቃጡ፣ አንዱ ምላሷ። ሐኪሙን ትሰድባለች፣ ወጌሻውን ትሰድባለች፣ በቅሎዋን በስሟ ጠርታ ትረግማለች። ሁለተኛው ጠርሙስ ሲጋመስ ስድቡ ሳሳ። በቅሎዋን ተወቻት። ከዚያ ወጌሻውን ተወችው።

«እመይቴ፣» አልኳት፣ «እኔንስ አይሰድቡኝም?»

«ደክሞኛል» አለች።

ይህች ሴት በሕይወቷ ደክሞኛል ብላ የምታውቅ አይመስለኝም። ሐኪሙ ቀና አለ። ቁስሉን አየሁት፤ አሁን አንድ ቦታ የሚረጭ የለም። ክረምት ላይ እንደሚያፈስ ሣር ቤት ከየቦታው ጠብ ጠብ ይላል። አዲስ ደም ቀድቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። የሰኞን ውዳሴ ማርያም አንድ ጊዜ ደገምኩ፣ ሁለት ጊዜ ደገምኩ፣ ሦስተኛ ጀመርኩ። ብልቃጡን አወጣሁ፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ገበቴውን መውቀስ አይቻልም፤ ብብቴ እሳት ነው። ደሙ ነው የተበላሸው።

ምክንያቱን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ደም ቀለሙ ደም ነው፤ የሚያረጋው ነገር ግን ሞቶበታል። የራሷ ፈስሶ በሱ ቦታ ይህ ሲገባ፣ ውስጧ ያለው መርጋት የማያውቅ ደም ይሆናል። ያንኑ ዓይነት መቶ ጠርሙስ ብትሰቅልላት ያው ነው። የሚያስፈልጋት አሁን ከሰው ክንድ የወጣ፣ ያልበረደ ደም ነው። ሐኪሙ ብልቃጡ ሲፈስ አይቶ አንድ ቃል አለኝ፤ «ትኩስ»። ከዚያ ደግሞ «አምጣ»።

ወንድሟ ተቀድቷል፤ ደግሜ ብቀዳው እሱንም መቅበር ነው። የቀረው አንድ ሰው ነው።

መምሬ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ወንድሟ አጠገባቸው ተቀምጧል። ሮጥኩ።

«መምሬ፣ ደምዎ ያስፈልጋል፤ አሁኑኑ።»

ዳዊቱን አጠፉ። «ሰሞነኛ ነኝ እኮ» አሉ።

ለማያውቅ ልንገር። ሰሞነኛ ማለት የሳምንቱ ቅዳሴ ተረኛ ነው። ከሰውነቱ ደም የፈሰሰ ቄስ ያን ቀን ቤተ መቅደስ አይገባም። ቀኑ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ በየቀኑ ይቀደሳል፤ ሕዝቡ ሕፃናቱን ይዞ ሊያቆርብ ከጠዋት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ሰፍሯል። ሳይቀደስ ማንም እህል አይቀምስም። መምሬ ክንዳቸውን ሰጡኝ ማለት ሰበካው ሁሉ ያለ ቅዳሴ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስለማውቅ በጥበብ ለመናገር ተዘጋጀሁ። በዚያ ግቢ እንደኔ አንደበተ ርቱዕ አልነበረም። «መምሬ፣» አልኩ፣ «ጌታችን እንኳ ደሙን ያፈሰሰው ስለ እኛ ነው። ስለዚህ እርስዎም...»

«እኔን ነው የምታስተምረው?»

«ለማስታወስ ነው። ደግሞም ስለ ሰንበት በተናገረው...»

«ሌላ ሰው የለም?»

«የለም። ደግሞም ስለ ሰንበት...»

«አንተ ሰውዬ!» አሉኝ። ሳላይ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻቸው ሰብስበውታል። «መርፌህን ይዘሃል ወይስ የመጣኸው ምላስህን ይዘህ ብቻ ነው?»

ስብከቴ ተቋረጠ። ጥሩ ስብከት ነበር፤ ሌላ ቀን ተጠቅሜበታለሁ።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛኋቸውና መርፌውን ሳስገባ ወንድሟን ጠሩት። «ሩጥ። ወደ ማርያሙ ቄስ ሂድ። ዛሬ የኔን ቅዳሴ እሱ ይቀድስ።»

ወንድሟ ዓይኑን አፈጠጠ። ሁለቱ ቄሶች አንድ ተዝካር ላይ ማን ቀድሞ ይባርክ በሚል ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተው እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ምን ልበላቸው፣ አባቴ?»

«ይቅርታ ጠይቋል እንዳትል። ታሟል በለው።»

«አልታመሙም እኮ።»

«አንተ እስክትደርስ እታመማለሁ። ሩጥ!»

ሮጠ። ደሙ ጠርሙሱን እየሞላ ሲወርድ መምሬ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ጠርሙሱ እንደሞላ ስኳር የበዛበት ሻይ አቀረብኩ።

«ቅዳሴ ሳይወጣ?»

«ለታመመ ይፈቀዳል፤ እርስዎ ራስዎ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እኔ መቼ ታመምኩ?»

«ታሟል ተብሎ መልእክት ተልኳል።»

«እሱ ለማርያሙ ቄስ ነው» አሉና ተነሡ። ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ግንድ ደረቴ ላይ ወደቁ። በአንድ እጄ ጠርሙሱን፣ በአንድ እጄ ቄሱን ይዤ መሬት ላይ አጋደምኳቸው። ጠርሙሱ አልተሰበረም። ቄሱም አልተሰበሩም። እግራቸውን ከፍ አድርጌ አግዳሚው ላይ ሰቀልኩና ጠርሙሱን እንዳይበርድ በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባሁ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍናለች። ነርሱ ጭንቅላቷ ጋ ቆሞ የእጇን የደም ሥር ይዞ ትርታዋን ይቆጥራል፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል። ሐኪሙ ቁስሉን በጨርቅ ደፍኖ በሁለት እጁ ተጭኖ እየጠበቀኝ ነበር። ጠርሙሱን ሰቀልነው። ያ ደም ገና የሰው ሙቀት ነበረው፤ ቱቦውን ስነካው ይታወቀኛል። ማንም አልተናገረም። እኔም ብሆን፤ ይህን የምለው ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር እንድታውቁ ነው።

ጠርሙሱ ሲጋመስ ደም ቀድቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። መድገም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ድጋም አለቀ፤ አላወጣሁም፤ ፈራሁ። ሁለተኛው ወደ ማለቁ ሲደርስ አወጣሁና ዘንበል አደረግሁ። ጫፉ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ቀሪው ቆመ። ጠበቅሁ፤ ገለበጥኩት። ጸጥ!

ለሐኪሙ አሳየሁት። እጁን ከጨርቁ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። ቁስሉ ጠብ ጠብ ማለቱን ትቷል። መስፋት ጀመረ። ገና ሲሰፋ ከመጋረጃው በላይ ድምፅ መጣ።

«የማን ደም ነው የሰጣችሁኝ?»

«የነፍስ አባትዎ፣ እመይቴ።»

«ወይ ጉዴ። እንግዲህ መሳደብ ሊከለከልብኝ ነው።» ከዚያ ሞከረችው። «አንተ ብብታም!» አለችኝ። ደህና ወጣላት። ነርሱ ጨርቁን ከአፉ አውርዶ ሳቀ፤ ሐኪሙም፣ ቃሉን ባይረዳውም፣ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ የማርያሙ ቄስ ቀድሰው ጨርሰው ጠበል ይዘው መጡ፤ ታመመ የተባለውን ሊጠይቁ ነው። መምሬን አሁንም ተጋድመው አገኟቸው፤ ወሬው እውነት ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ አልተነጋገሩም። ቀጥሎ የማርያሙ ቄስ፣ «ከበሮ መቺህ ሰነፍ ነው» አሉ። መምሬ ከመሬት ሆነው፣ «ያንተ ይብሳል» ብለው መለሱ። በዚያው ወሬ ቀጠለ፤ ሻዩንም ጠጡ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ እኔ ያደረግሁትን ሰው እንዳይረሳው ልዘርዝር። በነሐሴ ብርድ ጤነኛ ደምን ከታመመ ደም ለይቻለሁ፣ ያለ እሳትና ያለ ሰዓት። በከንቱ ሊሰቀል የነበረ ጠርሙስ ለሚያስፈልግበት ሰዓት እንዲቆይ አድርጌያለሁ። ፈረንጁን የተቆረጠ ሥር እንዲፈልግ በሁለት ቃል እንግሊዝኛ አድርጌዋለሁ። ሰሞነኛ ቄስ ቀድቻለሁ፤ በጎጃም ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። አንድ እጄን ለቄስ፣ አንድ እጄን ለጠርሙስ ሰጥቼ ሁለቱንም አልጣልኩም። የማይነጋገሩ ቄሶችን አነጋግሬያለሁ፣ ሳላስበው ቢሆንም። ነርሱ ገበቴውን ትቶ ብብቱን መጠቀም ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ አጥንት ሊከፍት ሲል ገና ቢላው ሳይቀቀል ትኩስ ደም የሚሰጥ ሰው ግቢ ውስጥ አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ፣ ቁርሱን አብልቼ። ባልቴቷም ለጥምቀት ታቦት ተከትላ ወረደች፤ ያለ ምርኩዝ።